እጅግ በቀጠነ ሙሙት ውስጥ ከረንቱን የሚሸከመው የትኛው አዮን ነው?

ክሩን (የመድረክ ላይ ውይይቱን) የከፈተው ሰው ያቀረበው ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ድምዳሜም ጨምሮበታል። ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ መዝኖ በተጣራ ውሃ ካሟሟ በኋላ ሙሙቱን በየደረጃው አስር እጥፍ እያቀጠነ፣ በሊትር ከሞል አንድ ሺህኛ ተነሥቶ እስከ ሞል አንድ ሚሊዮንኛ ድረስ ወርዷል፤ በየደረጃውም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለክቷል። መጀመሪያ ላይ ንባቡ እንደጠበቀው አስር እጥፍ ያህል ቀነሰለት፦ ከ124 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የነበረው ወደ 13 ተኩል ግድም ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ቅነሳው ሰነፈ። 1.26 ይሆናል ብሎ የጠበቀው ከ2 በላይ ሆነ፤ 0.126 ይሆናል ያለው ደግሞ ከ1 አልፎ ተገኘ። የመጨረሻውን ንባብ ለክምችቱ ሲያካፍለው ለአንድ ሞል ጨው የሚደርሰው አስተላላፊነት በመጽሐፍ ከሰፈረው ዘጠኝ እጥፍ ያህል በለጠበት። ከዚህም ተነሥቶ አዮኖች (ጨው ሲሟሟ የሚለያዩት ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) እርስ በርሳቸው እጅግ ሲራራቁ ከመጓተት ነጻ ስለሚወጡ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ከረንት በብዙ እጥፍ ያድጋል ሲል ደመደመ፤ የሚያውቅ ሰው እንዲያረጋግጥለትም ጠየቀ።

ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነና በምላሾቹ ውስጥ የተነገረው ቁም ነገር በየአቅጣጫው ተበታትኖ ስለቀረ፣ ክሩን ለማንበብ ጊዜ ላላገኙ አንባቢዎች የምላሾቹን ሐሳብ በራሴ ቃል እተርካለሁ። የቀረበውን ሁሉ እኩል አላየውም፤ ፍሬ ያለበት ላይ እቆያለሁ።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በቅድሚያ ሁለት የተለያዩ መጠኖች እንዳይቀላቀሉ አሳሰበ። ሜትሩ የሚያሳየው በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ሙሙት ውስጥ ያሉት አዮኖች በሙሉ በጋራ የሚያስተላልፉትን ነው፤ ሙሙቱ ሲቀጥን ተሸካሚዎቹ ስለሚመናመኑ ይህ መጠን መቀነሱ ግድ ነው። ሲቀጥን የሚያድገው ሞላር አስተላላፊነት ነው፤ ይኸውም ጠቅላላው አስተላላፊነት ለክምችቱ ተካፍሎ ለአንድ ሞል የሚደርሰው ድርሻ ማለት ነው። ለሶዲየም ክሎራይድ የታወቁትን ቁጥሮችም አስቀመጠ፦ በሊትር 0.1 ሞል ሲሆን 106.7፣ 0.01 ሲሆን 118.5፣ 0.001 ሲሆን 123.7፣ ክምችቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚደረስበት ወሰን ደግሞ 126.4 ሲመንስ ካሬ ሴንቲሜትር በሞል ነው። (ከዚህ በታች የሞላር አስተላላፊነትን መለኪያ ሳልደጋግም ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።) ከ0.1 ሞል አንሥቶ እስከ ወሰኑ ድረስ ያለው ዕድገት ተጠቃልሎ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ አዮኖች ሲራራቁ ሸክማቸው ያድጋል የሚለው እውነት ቢሆንም ጭማሪው ጣሪያ አለው፤ ዘጠኝ እጥፍ ሊሆን ከቶ አይችልም አለ።

2ኛው ምላሽ አጭር ነው፤ ከ1ኛው ጋር ይስማማና ታሪኩን ይጨምርበታል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ኮልራውሽ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባካሄደው ልኬት፣ የጠንካራ ኤሌክትሮላይቶች (ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮን የሚለያዩ ነገሮች) ሞላር አስተላላፊነት በክምችቱ ስኩዌር ሩት ልክ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነጥቦቹ በቀጠነው ወገን ቀጥ ባለ መስመር ላይ ስለሚሰለፉ፣ መስመሩን እስከ ዜሮ ክምችት በመቀጠል ማንም በቀጥታ ሊለካው የማይችለውን ወሰን ማግኘት ይቻላል።

3ኛው ተሳታፊ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ጨው ሳይገባበት በፊት የውሃው የራሱ ንባብ ስንት ነበር? ጠያቂው በ4ኛው ምላሽ ተመልሶ፣ ውሃው በተከፈተ ዕቃ የቆየ የተጣራ ውሃ እንደነበረና ብቻውን ሲለካ 1 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ግድም እንዳሳየው ገለጸ። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ሲባል ስለሰማ ንባቡን የመሣሪያው ስሕተት አድርጎ እንደተወውም ጨመረ።

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። የ5ኛው ምላሽ ጸሐፊ እስከዚያ ሲጠበቅ የነበረውን የእርስዎታ አነጋገር ትቶ ጠያቂውን አንተ ማለት ጀመረ፤ የውሃውን ንባብ ሳይቀንስ መጽሐፍ ለማረም መነሣቱንም በኃይለ ቃል ነቀፈ። ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው፦ ከመጨረሻው ንባብ ላይ የውሃው 1 ሲቀነስ የሚተርፈው 0.12 ግድም ነው፤ ይህም ከወሰኑ ጋር ይገጥማል፣ ዘጠኝ እጥፉም ይጠፋል። ነገር ግን ጠያቂው ንባቡን ሳይደብቅ ያቀረበ ሰው ስለሆነ እንዲያ መዘለፍ አልነበረበትም። ደግሞም ቀንስና ጨርስ የሚለው ምክር፣ የተቀነሰው 1 ከየት እንደመጣ ሳይነገር ሲቀር፣ የነገሩን ዋና ክፍል አብሮ ያስጥላል።

ያንን ክፍል ያነሣው የ6ኛው ምላሽ ጸሐፊ ነው፤ ከአጻጻፉ መምህር ይመስላል። ንባቡ የመሣሪያ ስሕተት እንዳልሆነ በስሌት አሳየ። ንጹሕ ውሃ ለአየር ተጋልጦ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል፤ ከፊሉም ወደ ሃይድሮጂን አዮንና ወደ ባይካርቦኔት አዮን ይለወጣል። ውሃው ከአየሩ ጋር ሲመጣጠን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.6 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም በሊትር ከሞል ሚሊዮንኛ 2.5 ያህል ሃይድሮጂን አዮን፣ ያንኑ ያህልም ባይካርቦኔት አለ ማለት ነው። የሃይድሮጂን አዮን የወሰን ሞላር አስተላላፊነት 349.8፣ የባይካርቦኔት 44.5 ነው፤ ድምሩ 394.3 በዚያ ክምችት ሲባዛ ከሞላ ጎደል 1 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ይሆናል። ጠያቂው ያየው ይህንኑ ነው። በመጨረሻው ሙሙት ውስጥ ጨዉ ያዋጣው ከጠቅላላው ንባብ ከዘጠኝ እጅ አንዱን ያህል ሲሆን፣ የቀረውን ያዋጡት ከአየር የመጡት አዮኖች ናቸው። መምህሩ አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ። ሶዲየም ክሎራይድ ከእነዚህ አዮኖች ጋር ስለማይዋሐድ መቀነሱ ይሠራል፤ የሚጨመረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢሆን ኖሮ ግን ሃይድሮጂን አዮኖቹን ስለሚያጠፋቸው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ንባቡን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝቅ ያደርጉታል። እዚያ ላይ የውሃውን ንባብ መቀነስ ትርጉም አይኖረውም፤ የሚቀነሰው ነገር ራሱ ተለውጧልና።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት 7ኛውን ነው። ጸሐፊው ክርክር ውስጥ ሳይገባ አራት ጨዎችን ጎን ለጎን አሰለፈ። በወሰኑ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ 149.86፣ ሶዲየም ክሎራይድ 126.45 ነው፤ ልዩነታቸው 23.41። ፖታሲየም ናይትሬት 144.96፣ ሶዲየም ናይትሬት 121.55 ነው፤ ልዩነታቸው አሁንም 23.41። ጓደኛው ክሎራይድ ሆነ ናይትሬት፣ ሶዲየም በፖታሲየም ሲተካ የሚጨመረው ያው ነው። ይህ ሊሆን የሚችለው በወሰኑ ላይ እያንዳንዱ አዮን አብሮት የመጣው ማንም ይሁን ማን የራሱን ድርሻ ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ ነው፤ የኮልራውሽ የአዮኖች ነጻ ጉዞ ሕግ የሚባለውም ይህ ነው። በ25 ዲግሪ ሊቲየም 38.7፣ ሶዲየም 50.1፣ ፖታሲየም 73.5፣ ክሎራይድ 76.3፣ ናይትሬት 71.4፣ ሃይድሮክሳይድ 198.3፣ ሃይድሮጂን 349.8 ያዋጣሉ። እንግዲህ እጅግ የቀጠነ ሙሙት አስተላላፊነት ድምር ብቻ ነው፦ በዕቃው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አዮን ክምችቱ በራሱ ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ሁሉም ይደመራል። የጠያቂው ድምዳሜ የወደቀው ድምሩ ውስጥ የገቡትን ሁሉ ሳይቆጥር በመቅረቱ እንጂ ሕጉ በቀጠነ ሙሙት ስለማይሠራ አይደለም፤ እንዲያውም ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው እዚያው ነው።

8ኛው ምላሽ ከዚሁ ሰንጠረዥ ላይ ተነሣ። ሊቲየም ከሦስቱ ብረቶች ትንሹ ስለሆነ ፈጣኑ መሆን ሲገባው ቁጥሩ ግን ዝቅተኛው ነው፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ ተገልብጦ ተጽፎ ይሆናል ሲል ጠረጠረ። 9ኛው በጨዋነት አረመው። ሊቲየም አዮን በጠጣር ውስጥ ራዲየሱ 76 ፒኮሜትር፣ ፖታሲየም ደግሞ 138 ፒኮሜትር መሆኑ እውነት ነው። ውሃ ውስጥ ግን አዮኑ ብቻውን አይጓዝም። ትንሽ በመሆኑ ቻርጁ በጠባብ ገጽ ላይ ስለተከማቸ የውሃ ሞለኪዩሎችን አጥብቆ ይይዛል፣ እነርሱን ለብሶም ይንቀሳቀሳል፤ በመጨረሻ ከፖታሲየም የሚሰፋው እርሱ ይሆናል። በዚያው ላይ ፍጥነቱ ምን ያህል ዝግ ያለ መሆኑን በቁጥር አቀረበ። በአንድ ሴንቲሜትር የአንድ ቮልት የኤሌክትሪክ መስክ ሲደረግ ሶዲየም አዮን ወደ ኤሌክትሮዱ የሚገፋው በሰከንድ 5 ማይክሮሜትር ያህል፣ ሃይድሮጂን አዮን ደግሞ 36 ያህል ብቻ ነው። አዮኖቹ በሙቀት ምክንያት በየአቅጣጫው የሚያደርጉት ግርግር ከዚህ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነው፤ ከረንት ብለን የምንለካው በዚያ ግርግር መካከል ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለውን ጥቂት ነገር ነው።

ሃይድሮጂን ለምን ይህን ያህል በለጠ የሚለው በ10ኛው ተነሣ። ጸሐፊው በ1806 ቴዎዶር ፎን ግሮትሁስ ያቀረበውን ሐሳብ ጠቅሶ፣ ፕሮቶኑ (ሃይድሮጂን አዮኑ) ራሱ ረጅም መንገድ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም በሰልፍ የቆሙ ሰዎች ዕቃ ሲቀባበሉ ዕቃው ከዳር እስከ ዳር እንደሚደርስ ሁሉ ከአንዱ የውሃ ሞለኪዩል ወደ ቀጣዩ እየተላለፈ ቻርጁ እንደሚጓዝ አስረዳ። 11ኛው ምስሉ እንደሚያሳስት ተናገረ። ሰልፉ አስቀድሞ ተሰልፎ የሚጠብቅ አይደለም፤ ፕሮቶኑ ወደ ጎረቤቱ ከመሻገሩ በፊት በዚያ ጎረቤት ዙሪያ ያሉት የሃይድሮጂን ትስስሮች መፈታትና እንደገና መደራጀት አለባቸው፤ የዝውውሩን ፍጥነት የሚወስነውም ይኸው መደራጀት እንጂ ዝላዩ አይደለም። ይህ እርማት ለርዕሱ ቅርብ ነው። በቀጠነ ሙሙት ውስጥ ጥቂት ሃይድሮጂን አዮን ሌላውን ሁሉ የሚያስንቅ ድርሻ የሚይዘው ውሃው ራሱ የጉዞው ተካፋይ ስለሆነ ነውና።

12ኛው ምላሽ የመጣው እጅግ የተጣራ ውሃ በየቀኑ ከሚለካ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ያየውንም እንዳየው ነገረ። ውሃው ከማጣሪያው መሣሪያ ሲወጣ በመስመሩ ላይ ያለው ሜትር 18.2 ሜጋኦም ሴንቲሜትር ያሳያል፤ ሲገለበጥ 0.055 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ማለት ነው። ያንኑ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ ቀድቶ ኤሌክትሮዱን ሲያስገባ ቁጥሩ ዐይኑ እያየ መውጣት ይጀምራል፦ 0.055 የነበረው 0.1ን ያልፋል፣ ከዚያም ሲቆይ ወደ 1 ይጠጋል፤ ሲያማስለው ደግሞ ይፈጥናል። ማንም ምንም አልጨመረበትም፤ አየሩ ብቻ በቂ ነው። ብርጭቆውም ቢሆን ሶዲየም ስለሚለቅ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፕላስቲክ እንደሚመረጥ፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ውሃው አየር ሳያገኘው በተዘጋ የፍሰት ሴል ውስጥ ሲያልፍ መለካት እንደሆነ ጻፈ። ከዚሁ ጋር በ1894 ኮልራውሽና ሃይድቫይለር አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ውሃን ደጋግመው አጣርተው በ18 ዲግሪ 0.043 ላይ መድረሳቸውን አስታወሰ። የዛሬው መሣሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ውሃ ከራሱ አዮኖች በስተቀር ምንም ወደሌለበት ደረጃ ይህን ያህል መቅረባቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በ13ኛው አንድ ተሳታፊ እንዲህ የተጣራ ውሃ ቢጠጣ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ፤ ሁለት ሰዎችም ተከትለውት ወደ ጤና ጉዳይ ገቡ። በ16ኛው የክሩ አወያይ ጉዳዩ የራሱ ክር እንዲከፈትለት ጠይቆ ውይይቱን መለሰው።

ከዚያ የክሩ ትልቁ ክርክር ተነሣ። የ17ኛው ምላሽ ጸሐፊ፣ የሶዲየም ክሎራይድ ሞላር አስተላላፊነት ሲቀጥን የሚያድገው ገና ያልተለያዩ የጨው ሞለኪዩሎች ውሃ ሲበዛላቸው ወደ አዮን ስለሚለያዩ ነው ብሎ ጻፈ፤ ለዚህም የመለያየትን ትምህርት ያቀረበውን ስዊድናዊ ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስን ምስክር ጠራ። 18ኛው ምላሽ እሳት ለብሶ መጣ። ይህ ትምህርት ለጠንካራ ጨዎች ከተጣለ አንድ መቶ ዓመት እንደሆነው ተናግሮ፣ ያልተጣራ ነገር ለጀማሪ ማስተማር ጥፋት ነው አለ። ቁጣው ቢበዛም ማብራሪያው ግሩም ነው። ሶዲየም ክሎራይድ በቀጠነ ሙሙት ውስጥ ቀድሞውኑ ሙሉ በሙሉ ተለያይቷል፤ ከክምችቱ ጋር የሚለዋወጠው የአዮኖቹ ብዛት ሳይሆን የመንቀሳቀስ ነጻነታቸው ነው። ፒተር ዴባይና ኤሪክ ሁክል በ1923 እንዳሳዩት፣ እያንዳንዱ አዮን በዙሪያው ከራሱ ተቃራኒ ቻርጅ የሚያመዝንበት ከባቢ አለው። መስክ ሲደረግ አዮኑ ወደፊት ሲሄድ ከባቢው ተበትኖ እንደገና እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ወደ ኋላ ቀርቶ ይስበዋል፤ ይህ አንዱ መጎተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በከባቢው ውስጥ ያሉት ተቃራኒ አዮኖች ወደ ሌላኛው ወገን ሲሄዱ ውሃውን ይዘው ስለሚሄዱ፣ አዮኑ ሊጓዝ የሚገደደው በሚመጣበት የውሃ ፍሰት ላይ መሆኑ ነው።

ላርስ ኦንሳገር በ1926 እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስሌት አሰባሰባቸው፤ የኮልራውሽ ስኩዌር ሩትም ከልኬት ብቻ የተገኘ ደንብ መሆኑ ቀርቶ ምክንያቱ ታወቀ። በ25 ዲግሪ ለውሃ፣ እንደ ሶዲየም ክሎራይድ ባሉ ጨዎች፣ ከወሰኑ ላይ የሚቀነሰው 60.2 ሲደመር የወሰኑ 0.229 እጅ፣ ይህ ድምር በክምችቱ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ነው። የ18ኛው ጸሐፊ ስሌቱን ፊት ለፊት ሠራው፦ 0.229 በ126.4 ሲባዛ 28.9፣ ከ60.2 ጋር 89.1፤ በ0.001 ሞል ስኩዌር ሩቱ 0.0316 ስለሆነ የሚቀነሰው 2.8 ነው፤ ውጤቱ 123.6 ሲሆን ልኬቱ 123.7 ነው። በ0.1 ሞል ግን ያው ቀመር 98.2 ሲሰጥ ልኬቱ 106.7 ስለሆነ፣ ቀመሩ የቀጠነው ወገን ብቻ እንደሆነ አልሸሸገም። ከባቢው ምን ያህል እንደሚሰፋም ጠቆመ፦ በ0.001 ሞል ውፍረቱ 9.6 ናኖሜትር ያህል፣ በሚሊዮንኛ ሞል ደግሞ 304 ናኖሜትር ያህል ነው። ያን ያህል ሲሰፋና ሲሳሳ የሚጎትተው ኃይል ከቁጥር አይገባም፤ በጠያቂው የመጨረሻ ሙሙት ላይ ቅናሹ 0.09 ብቻ ነው። በመጨረሻም ማክስ ቪን በ1927 ያገኘውን አስረጂ አደረገ። መስኩ እጅግ ሲበረታ አዮኑ ፈጥኖ ስለሚያልፍ ከባቢው ለመሠራት ጊዜ ያጣል፤ ሞላር አስተላላፊነቱም ክምችቱ ሳይለወጥ ወደ ወሰኑ ያድጋል። ምክንያቱ ያልተለያዩ ሞለኪዩሎች ቢሆኑ ኖሮ ለጠንካራ ጨው ይህ የሚጠበቅ አልነበረም።

19ኛው ምላሽ የአሬኒየስን ስም ከዘለፋ አዳነ፤ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። አሬኒየስ በ1884 በኡፕሳላ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዝቅተኛ ማዕረግ ተሰጥቶት እንደነበረ፣ በ1903 ግን ስለዚሁ የመለያየት ትምህርት የኖቤል ሽልማት እንደተቀበለ አስታውሶ፣ ትምህርቱ በከፊል ብቻ ለሚለያዩት ለደካማ ኤሌክትሮላይቶች ዛሬም ጸንቶ መቆሙን አሳየ። የአሴቲክ አሲድ የወሰን ቁጥር በቀጥታ ስለማይለካ ከሦስት ጠንካራ ነገሮች ይሰላል፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 426.1፣ ሲደመር ሶዲየም አሲቴት 91.0፣ ሲቀነስ ሶዲየም ክሎራይድ 126.4፣ ውጤቱ 390.7። በ0.001 ሞል የሚለካው 49 ያህል ስለሆነ ከስምንት አንዱ ብቻ ተለያይቷል ማለት ነው፤ በ0.1 ሞል ደግሞ 5.2 ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሲቀጥን የሚታየው ዕድገት በእርግጥ ከአዮኖች መብዛት የመጣ ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች የያዙት እውነት በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ የሚሠራ እንደነበረ ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነ። የ17ኛው ጸሐፊ ግን መልሶ አልጻፈም።

በ20ኛው የቀረበው ጥያቄ ብዙም ሳይስተዋል ማለፉ ያሳዝናል። ሜትር ድምርን እንጂ የየአዮኑን ድርሻ ለይቶ አያሳይም፤ የጨዎች ልዩነትም ቢሆን ልዩነት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ታዲያ 50.1 የሶዲየም፣ 76.3 የክሎራይድ መሆኑ በምን ታወቀ? መልሱ በ21ኛው መጣ። ከ1853 ጀምሮ ዮሐን ሂቶርፍ ከረንት ካለፈ በኋላ በኤሌክትሮዶቹ አቅራቢያ የሚታየውን የክምችት ለውጥ በመለካት እያንዳንዱ አዮን ከጠቅላላው ከረንት ስንት እጁን እንደሚሸከም ለይቷል። በሶዲየም ክሎራይድ በወሰኑ ላይ የሶዲየም ድርሻ 0.396 ነው፤ 126.4 በዚህ ሲባዛ 50.1 ይወጣል፣ የቀረው የክሎራይድ ነው። ያ ልኬት ባይኖር ኖሮ 7ኛው ላይ የተዘረዘሩት ቁጥሮች በሙሉ መነሻ ባጡ ነበር።

22ኛው ስለ አለካኩ ጥቂት ምክር ሰጠ። ኤሌክትሮዶቹ ላይ ቻርጅ ተከማችቶ ንባቡን እንዳያዛባ ተለዋዋጭ ከረንት እንደሚያስፈልግ፣ የሙቀት ማስተካከያም በተለይ በቀጠነ ሙሙት ላይ እንደሚያሳስት አመለከተ። የጨው ሙሙት አስተላላፊነት በአንድ ዲግሪ 2 ከመቶ ያህል ሲያድግ፣ የንጹሕ ውሃ ግን በ25 ዲግሪ አካባቢ ወደ 5 ከመቶ ያድጋል፤ ምክንያቱም አዮኖቹ መፍጠናቸው ብቻ ሳይሆን ውሃው ራሱ ይበልጥ ይለያያል። መሣሪያው ለጨው በተዘጋጀው 2 ከመቶ ካስተካከለ በንጹሕ ውሃ ላይ የሚሰጠው ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል።

በ23ኛው የላቦራቶሪው ባለሙያ ተመልሶ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ተናገረ። አየር ፈጽሞ ያልነካው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሌለበት ፍጹም ንጹሕ ውሃ እንኳ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት በስሌት አስተላላፊነቱ ይቀንሳል አለ። 24ኛው አላመነም፤ ወደ ንጹሕ ውሃ አዮን ጨምሮ አስተላላፊነት መቀነስ ከ7ኛው የድምር ሕግ ጋር ይጣላል ሲል ጠንከር ባለ ቃል ተቃወመ። ባለሙያው በ25ኛው አልተቆጣም፤ ሒሳቡን በየደረጃው ዘረዘረው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂንና ሃይድሮክሳይድ እያንዳንዳቸው በሊትር የሞል አስር ሚሊዮንኛ ናቸው፤ 349.8 እና 198.3 ሲደመሩ 548.1፣ በዚያ ክምችት ሲባዛ 0.0548፣ ይህም የታወቀው 0.055 ነው። የሁለቱ ክምችት ብዜት የማይለወጥ ስለሆነ፣ እጅግ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር ሃይድሮክሳይድ የሚያድገው በተጨመረው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በሌላው ግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ለተጨመረው እያንዳንዱ ሞል ከሃይድሮጂን 174.9 ይጠፋል፣ ከሃይድሮክሳይድ 99.15፣ ከሶዲየም 50.1 ይገኛል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ 25.65 ይጎድላል። ዝቅተኛው የሚደረሰው በሊትር ከሞል አስር ሚሊዮንኛ 0.19 ያህል ሲጨመር ሲሆን፣ 548.1 የነበረው 545.7 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። ሕጉ አልተጣሰም፤ እያንዳንዱ አዮን ያዋጣው የራሱን ብቻ ነው፣ ነገር ግን የገባው ቀርፋፋ የወጣውን ፈጣን መተካት አልቻለም።

24ኛው ተሳታፊ በ26ኛው ራሱ ስሌቱን በሌሎች ላይ ሠርቶ አቀረበ። ሶዲየም በፖታሲየም ሲተካ የሚጎድለው 2.25 ብቻ ስለሆነ ለውጡ ከሞላ ጎደል የለም፤ በሊቲየም ሲተካ ደግሞ ጉድለቱ ወደ 37 ያድጋል። በ7ኛው ምላሽ ሰንጠረዥ ላይ ከሦስቱ ብረቶች ዝቅተኛው ቁጥር የተጻፈው ለሊቲየም ነው።